ስሙን ጻፉለት

ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ስለ ኪቦርድ ተጫዋች ሕይወት ትንሽ በል ስለተባልኩ ስለ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ አወራለሁ። እዚህ ዲሲ አካባቢ ስንቶቻችን ታክሲው ውስጥ ገብተን፣ ሂሳብ ከፍለን፣ ማን እንዳደረሰን ሳናውቅ ወርደናል!

ደብረ ብርሃን ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። በአኮርዲዮን ጀመረ። ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል የሚጫወትበትን ዘመን ታላላቆቼ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሰዓት እላፊ ነበር። ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ስለማይቻል እንግዳው እዚያው ያነጋል፣ ባንዱም አብሮት ሲጫወት ያነጋል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ልቁጠርላችሁ፤ በ1977 «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ወጣ። መሳሪያው ከፊት የቆመበት ሥራ ነው።

በ1981 ባንዱ አሜሪካ መጣ። ከፊሉ ተመለሰ፣ ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ነው። በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። አኮርዲዮኑ እሱ፣ ሮድስ የሚባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ እሱ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ ሰባት የሚባሉት በኤሌክትሪክ ድምጽ የሚፈጥሩ ኪቦርዶችም እሱ፤ ከበሮው ደግሞ ማሽን። አኮርዲዮኑ የድሮውን ዜማ ቀስ እያለ ሲያወጣው ከሥር የማሽኑ ምት ዝንፍ አይልም። አንድ ሰው ባንድ ሲሆን ስሙት!

ከዚያ ታክሲ ነዳ። ለዓመታት። ደለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዳል፤ ተራው ሲደርስ ይከትተውና ተሳፋሪውን ይጭናል። ማንም ሥራ አልሰጠው፣ ማንም አልጠራው፣ ጣቶቹን ግን አላሳረፋቸውም።

አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን «ሸሞንሟናዬ» ባህር ዳር አገኘው። ወደደው። ፈልጎ ደወለለት፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፣ ጋሽ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ። ልብ በሉልኝ፣ ሰውዬው ሊያገኘው የቻለው ስሙ ሽፋኑ ላይ ስለነበረ ነው! ባይጻፍ ኖሮ ማን ብሎ ይፈልገው ነበር?

እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ወራት የለፋሁበት አልበም ወጣ። ሽፋኑን ገለበጥኩት። ፎቶ ያነሳው አለ፣ ስፖንሰሩ አለ፣ ልብስ ያለበሰው ሱቅ ሳይቀር አለ። ኪቦርድ የተጫወተው የለም። ስጠይቅ «ቦታ አልበቃም» ተባልኩ። ለሱቅ የበቃ ቦታ ለሰው እንዴት አይበቃም? ከጀርባዬ ያሉት ቤዝና ድራም የሚጫወቱት ልጆችም ይህንኑ ይነግሯችኋል። የምትጨፍሩበትን መግቢያ የፈጠረው ሰው አለ። ሠርጋችሁ ላይ ሲያለቅሱ ያመሹት እናቶቻችሁ ከድምጹ እኩል በእሱ ጣቶች ነው ያለቀሱት። እሱ ስም የለውም?

ክፍያም አለ፣ እሱን ዛሬ አልነካውም። ፖስተር የምትሠሩ፣ ዩቲዩብ ላይ የምትጭኑ፣ ቃል ግቡልኝ፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም ከዘፈኑ ርዕስ ሥር ጻፉ። መድረክ መሪያችንም ድምጻዊውን ከመጥራትህ በፊት፣ አሁኑኑ፣ ባንዱን አንድ በአንድ በስሙ አስተዋውቀን። ከኪቦርዱ ጀምር።