የወደቀበት ቦታ ሌላ፣ መውደቅ የጀመረበት ሌላ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ የማወራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ ባሕር ዳርቻ ስለወደቁ የጦር አውሮፕላኖች ነው። ቀኖቹንም ወሮቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

አውሮፕላን የወደቀበትን ቦታ ሁሉ በካርታ ላይ በነጥብ ብታስቀምጡ፣ ነጥቦቹ በእንግሊዝ ምሥራቅ ከኬንት ተነሥተው በሰፎክና በኖርፎክ አልፈው እስከ ዮርክሻየር ዳርቻውን ይዘው ይሄዳሉ። ይህን ያየ ሰው ቶሎ ብሎ "እዚህ ከባድ ውጊያ ነበር ማለት ነው" ይላል። በ1940 ለደቡቡ ዳርቻ እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ለወደቁት ለብዙዎቹ ግን አይሠራም። አውሮፕላኑ የተመታው ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ማዶ ጀርመን ላይ ነው፤ ወይም ጭራሹን አልተመታም። የነዳጁም፣ የከፍታውም፣ የሰዓቱም ሂሳብ የሚዘጋው ዳርቻው ላይ ስለሆነ ነው እዚያ የወደቀው። እኔ ስለ አንድ ስብርባሪ ስሰማ "ማን መታው?" ብዬ አልጀምርም። ችግሩ ከየት ጀመረ ነው ጥያቄው።

ከሞተር እንነሣ። ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አንድ ሞተር ቢያጣ አይወድቅም፤ በሦስቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጣጣው የቆመው ፕሮፔለር ነው። ነፋሱ መልሶ ያዞረዋል፤ የሚዞር ፕሮፔለር ደግሞ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። ስለዚህ አብራሪው ስለቶቹን ነፋሱን በጠርዛቸው እንዲቀበሉ አዙሮ ያቆማቸዋል፤ ፌዘር ማድረግ ይሉታል። ስለቶቹን የሚያዞረው ግን ዘይት ነው፤ እንደ አሜሪካው ቦምብ ጣይ ቢ 17 ባሉት ላይ ደግሞ የዚያው የተመታው ሞተር ዘይት። ጥይት የዘይት ታንኩን ከበሳውና አብራሪው የግፊት መለኪያው ሲወርድ እያየ ትንሽ ካመነታ፣ ቁልፉን ቢጫን የሚታዘዘው የለም። ፕሮፔለሩ ከልኩ በላይ እየፈጠነ ይዞራል፣ ይግላል፣ አንዳንዴም ዘንጉ ተቆርጦ ይወጣል። የቀሩት ሞተሮች ያንን ጎታች ለማሸነፍ ተጨማሪ ነዳጅ ይበላሉ። በዚያ ላይ በዚያ አገር የሚበዛው ነፋስ ከምዕራብ ነው፤ ማለትም ወደ እንግሊዝ የሚመለሰው ፊት ለፊት ይቀበለዋል። አንዲት የዘይት ቱቦ ጀርመን ላይ ትበሳለች፣ አውሮፕላኑ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰፎክ ዳርቻ ላይ ነዳጅ ጨርሶ ይወድቃል።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም ምንም ያልተበላሸበትን አውሮፕላን ይገድላል።

አልቲሜትር፣ የአውሮፕላኑ ከፍታ ማሳያ፣ ከፍታ አይለካም። የሚለካው የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ክዳኑን ያጠበቃችሁትን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይዛችሁ ወደ አዋሽ ብትወርዱ ይጨማደዳል። አልቲሜትሩ ውስጥ ያለችውም ቀጭን የብረት ቆብ እንደዚያው በግፊት ትጨመቃለች፣ ትነፋለች፤ መርፌዋ ያንን ወደ ጫማ ተርጉማ ታሳያለች። ግፊት የሚለካው በሚሊባር ነው፤ ባሕር ወለል አካባቢ የአንድ ሚሊባር ለውጥ ማለት 27 ጫማ፣ ከ8 ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ነው። አብራሪው ማታ ሲነሣ መሣሪያውን በጣቢያው ግፊት ያስተካክላል። ሰባት ስምንት ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ፣ ከአትላንቲክ ዝቅተኛ ግፊት ገብቶ 20 ሚሊባር ቢቀንስ፣ አልቲሜትሩ ከእውነቱ 540 ጫማ ያህል አስበልጦ ያሳየዋል። "600 ጫማ ላይ ነኝ" ሲል ከመሬት ያለው 60 ጫማ ያህል ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ይታወቅ ነበር፦ የጣቢያውን ግፊት በሬዲዮ ጠይቆ መሣሪያውን ማስተካከል። ሬዲዮው ከተመታ ግን አይቻልም። ሌላው ዘዴ ደመናውን ባሕር ላይ ሆኖ መውረድ ነው፤ ባሕር ላይ ኮረብታ የለምና። ይህም የሚሠራው በእርግጥ ባሕር ላይ ከሆናችሁ ብቻ ነው። ናቪጌተሩ፣ መንገዱን የሚያሰላው ሰው፣ የተነገረውን ነፋስ ይዞ ያሰላል፤ ፊት ለፊት ይመጣል የተባለው ነፋስ በ30 ኖት (በሰዓት 30 የባሕር ማይል) ከደከመ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስሌቱ በ60 የባሕር ማይል፣ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይሳሳታል። ገና ባሕር ላይ ነን ብለው የሚወርዱት ሰዎች ዳርቻውን ካለፉ ቆይተዋል። ከ1942 ጀምሮ ጂ የተባለው የሬዲዮ አቅጣጫ መፈለጊያ ይህን በእጅጉ አቃልሎታል።

ከእንዲህ ያሉ አደጋዎች ታዋቂው በነሐሴ 25 ቀን 1942 ስኮትላንድ ኬትነስ ውስጥ የደረሰው ነው። ከኢንቨርጎርደን ወደ አይስላንድ የተነሣ ሰንደርላንድ፣ ውሃ ላይ የሚያርፍ ትልቅ አውሮፕላን፣ ዳርቻውን ተከትሎ በባሕሩ ላይ መብረር ሲገባው ወደ የብስ ገብቶ ደንቢዝ አጠገብ ኮረብታ መታ። የእንግሊዙ ንጉሥ ወንድም የኬንቱ መስፍን ውስጡ ነበሩ። ከ15 ሰው የተረፈው የጭራው ተኳሽ ብቻ ነው። መርማሪዎቹ መንገድ ስቶ ከመጠን በላይ ዝቅ ብሎ በረረ ብለው ዘጉት። ለምን ሳተ የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ እኔም ወገን አልይዝም።

እንግሊዞች ይህ ሁሉ ሂሳብ የሚዘጋው ዳርቻው ላይ መሆኑን አውቀው፣ ለተጎዳ አውሮፕላን ሦስት ጣቢያ አዘጋጁ፦ ማንስተን፣ ውድብሪጅና ካርናቢ። መንደርደሪያቸው 2,700 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 230 ሜትር ስፋት ነበረው። ስፋቱ ነው ቁም ነገሩ፤ ፍሬን የሌለው፣ አንድ እግሩ ያልወረደ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ለጉም ደግሞ በመንደርደሪያው ግራና ቀኝ በተዘረጋ ቧንቧ ቤንዚን እያቃጠሉ አየሩን አሙቀው ጉሙን ያነሡት ነበር። ሐምሌ 13 ቀን 1944 ዩንከርስ 88 የተባለ አንድ የጀርመን የጦር አውሮፕላን አቅጣጫ ስቶ ውድብሪጅ ላይ አረፈ። እንግሊዞች ውስጡን ሲፈትሹ፣ የራሳቸው ቦምብ ጣዮች ከኋላ የሚመጣን ጠላት ለማወቅ የተሸከሙትን ራዳር እየተከተለ የሚያሳድድ መሣሪያ አገኙ። ያንን ራዳር ከአውሮፕላኖቻቸው ላይ ነቀሉት።

ዳርቻው ካልተደረሰ የሚቀረው ውሃ ላይ ማረፍ ነው። መጀመሪያ የሚከብደውን ሁሉ መጣል፤ ቦምቡን፣ ጥይቱን፣ መትረየሱን። ከዚያ የቦምብ በሩን መዝጋት። የላይኞቹን መውጫዎች ግን ውሃውን ከመንካት በፊት መክፈት፤ አካሉ ከተጣመመ በኋላ አይከፈቱም። አብራሪው ሞገዱን ሳይቆርጥ ጎን ለጎን ይዞ፣ ጭራውን ዝቅ አድርጎ ይወርዳል፤ ነፋሱ ብርቱ ከሆነ ግን ወደ ነፋሱ ይዞራል። ሬዲዮ ኦፕሬተሩ የድረሱልን ጥሪውን ልኮ ሲያበቃ የሞርስ ቁልፉን ተጭኖ ያስረዋል፤ ጣቢያዎቹ ያልተቋረጠውን ድምፅ ይዘው አቅጣጫውን እንዲለኩ። ሌሎቹ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ እጃቸውን ከጭንቅላታቸው ኋላ አቆላልፈው ይቀመጣሉ።

ምቱ ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ጭራው ውሃውን ሲነካ ነው፤ ቀላል ነው። ያበቃ መስሎት የተነሣ ሰው በሁለተኛው፣ በከባዱ፣ ወደፊት ይወረወራል። ሌላው ስሕተት ሕይወት አድን ጃኬቱን ውስጥ ሆኖ መንፋት ነው። ውሃው ሲገባ ጣሪያ ላይ ይለጥፈዋል፤ መውጫውም ይጠበዋል።

ቢ 17 ክንፉ ዝቅ ያለ ስለሆነ በክንፉ ይንሳፈፋል፤ ለመውጣት ጊዜ ይሰጣል። ሌላው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ቢ 24 ግን ክንፉ ከአካሉ በላይ ነው፤ አካሉ ቀድሞ ይሰምጣል። ወደ ጎን ተጠቅልሎ የሚከፈተው ቀጭን የቦምብ በሩ ደግሞ በውሃው ግፊት ወደ ውስጥ ይሰበራል፤ ብዙ ጊዜ አካሉ ከክንፉ ኋላ ለሁለት ይከፈላል።

ጥሪው ካልተሰማስ? የካቲት 1942 ከኖርዌይ አቅጣጫ ሲመለስ ሰሜን ባሕር ላይ የወደቀ ቦፎርት የተባለ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሰዎች የጎማ ጀልባ ውስጥ ሆነው ተስፋቸው አንዲት እርግብ ነበረች። ዊንኪ ትባላለች። 190 ኪሎ ሜትር ያህል በርራ ስኮትላንድ ደንዲ አጠገብ ቤቷ ገባች። ምንም መልእክት አልያዘችም። ጣቢያው አውሮፕላኑ በወደቀበትና እርግቧ በደረሰችበት ሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት፣ ነፋሱንና ላባዋን ያከበደውን ዘይት አስልቶ ቦታውን ገመተ፤ አራቱም ተገኙ። እኔን የሚገርመኝ ከእርግቧ ይልቅ ያንን ስሌት የሠራው ሰው ነው።

አሁን ወደ ስብርባሪው። መጀመሪያ ፕሮፔለሩን እዩ። የስለቶቹ ጫፍ ወደፊት ከታጠፈ፣ ሲመታ ሞተሩ ጉልበት ነበረው ማለት ነው። ወደ ኋላ ከታጠፈ፣ ሞተሩ ደክሟል ወይም ቆሟል። በጠርዙ ቆሞ ቀጥ ካለ፣ አብራሪው አስቀድሞ ዘግቶታል። ቀጥሎ ስብርባሪው የተዘራበት ስፋት፦ አንድ ጉድጓድ ከሆነ ተወርውሮ ገብቷል፤ ኪሎ ሜትሮች ከሸፈነ አየር ላይ ተበታትኗል። ነሐሴ 12 ቀን 1944 ሰፎክ ውስጥ ብላይዝበርግ ላይ የፈነዳው የጆሴፍ ኬኔዲ፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት የጆን ኬኔዲ ታላቅ ወንድም፣ አውሮፕላን 21,170 ፓውንድ፣ ከ9 ቶን ተኩል በላይ ፈንጂ ጭኖ ነበር። እዚያ ላይ የሚነበብ ብዙ አልቀረም፤ ጥርጣሬው በኤሌክትሪክ ማቀጣጠያው ላይ እንደሆነ ቀረ።

ማንነቱን የሚነግራችሁ ግን ቁጥር ነው። አሜሪካኖች ለጠፋ አውሮፕላን በሚሞሉት ቅጽ ላይ የሞተሮቹንና የመትረየሶቹን ቁጥር ሳይቀር ይመዘግቡ ነበር። አንድ የዛገ መትረየስ ላይ የሚነበብ ቁጥር ካለ፣ የአውሮፕላኑን ቁጥርና የሰዎቹን ስም ድረስ ይወስዳችኋል።

ብረቱ እንዴት እንደሚቆይ አፈሩ ይወስነዋል። ዌልስ ሃርሌክ አሸዋ ላይ በመስከረም 27 ቀን 1942 ነዳጅ አልቆበት በሆዱ ያረፈው ፒ 38፣ የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን፣ አሸዋ ስለሸፈነው እስካሁን ቅርጹን እንደያዘ ነው። በ2007 ብቅ ብሎ መልሶ ተቀበረ፤ በ2019 እንደ ታሪካዊ ቅርስ በሕግ ተመዘገበ። አብራሪው ያኔ ምንም ሳይሆን ወጥቶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ቱኒዚያ ላይ ጠፋ። ኬንት ፊት ለፊት ጉድዊን ሳንድስ ላይ በነሐሴ 26 ቀን 1940 የወደቀው የጀርመን ቦምብ ጣይ ዶርኒየር 17 ደግሞ በሰኔ 2013 ሲወጣ፣ ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ነበር። አሉሚኒየም ጨው ውስጥ ቀስ ብሎ ይበላል፤ ጨው ጠጥቶ አየር ሲያገኝ ግን ይፈጥናል። ስለዚህ ድንኳን ውስጥ አስገብተው ለረጅም ጊዜ በተመጠነ የሲትሪክ አሲድ ውሃ ሲረጩት ቆዩ፤ ጨውና ዝቃጩ እስኪለቅ። እንዲያ ለማድረግ አቅም የሌለው ሰው ባያወጣው ይሻላል።

እንግሊዝ ላላችሁ አድማጮች፦ የጦር አውሮፕላን የወደቀበት ቦታ ሁሉ ከ1986 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው፤ አስከሬን ሊኖር ይችላል ከተባለ ፈቃዱም ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ጥይት ወይም ሲሊንደር የሚመስል ነገር ካያችሁ ሳትነኩ ለባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ደውሉ። ባሕሩ የተፋውን ቁራጭ ካነሣችሁ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉት፤ የሚጠፋው መጀመሪያ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ፎቶ ስታነሡ ብርሃኑን ከጎን ስጡት። በሉ፣ ደህና ሁኑ።