የቻናሉ ጉዳት ተለክቷል፤ የእኛ ግን አልተለካም
(በሂዩስተን የኢትዮጵያውያን ኮንቴይነር አመላላሾች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ጸደይ 2018 እ.ኤ.አ.)

የተከበራችሁ አባላት፣ ከቤተሰባችሁ ጋር የመጣችሁ እንግዶች፣ ከትናንት ማታ ጀምራችሁ ምግብ ስታሰናዱ ያደራችሁ እህቶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ፋሲካን ላከበራችሁ እንኳን አደረሳችሁ፤ ረመዳንን ለምትጠብቁም በሰላም ያድርሳችሁ። በጎርፉ ሕይወታቸው ላለፈ የከተማችን ሰዎች የኅሊና ጸሎት አድርገናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር።

የዓመቱን ሥራ ዋና ጸሐፊያችን በዝርዝር ያነቡላችኋል። ሐዘን የደረሰባቸውን አጽናንተናል፤ ለአዲስ ሾፌሮች የመንጃ ፈቃድ ልምምድ ሰጥተናል። ውሃ የገባባቸው አባሎቻችን ቤት እየገባን የራሰውን ምንጣፍና ግድግዳ በእጃችን እያወጣን ጥለናል። ጆርጅ ብራውን አዳራሽ ለተጠለሉት፣ ማን ይሁኑ ማን ሳትጠይቁ ምግብ ያደረሳችሁትን መቼም አልረሳችሁም። በእናንተ ኮርቻለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ።

ሃርቪ የተባለው ሃሪኬን ኦገስት 25 ቀን 2017 እዚሁ ቴክሳስ፣ ሮክፖርት አጠገብ ወደ የብስ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ነፋሱ አለፈ፣ ዝናቡ ግን አልሄድ አለ። ኔደርላንድ በምትባለው የቴክሳስ ከተማ የተለካው ከ60 ኢንች በላይ ነበር፤ ሜትር ተኩል ማለት ነው። አዲክስና ባርከር የተባሉት ግድቦች ሞልተው ውሃው ሲለቀቅ ወረደ ባፋሎ ባዩ ወደሚባለው ወንዛችን። ባፋሎ ባዩ ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ የመርከቡ ቻናል ራሱ ነው። የሰው ጓሮ አፈር ሁሉ ታጥቦ መርከብ የሚሄድበት መንገድ ላይ ተኛ። ወደቡ አንድ ሳምንት ያህል ተዘጋ። ሲከፈትም ባርበርስ ከት በሚባለው የኮንቴይነር ማራገፊያ በር ላይ የነበረውን ሰልፍ የቆማችሁበት ታስታውሱታላችሁ። የምንከፈለው በሎድ፣ ባመላለስነው ጭነት ልክ ነው፤ ለቆምንበት ሰዓት ማንም አንድ ሳንቲም አልሰጠንም።

ውሃው መጉደል ሲጀምር መጀመሪያ ወደ ቻናሉ የገቡት የልኬት ጀልባዎች ነበሩ። የ52 ማይሉ ቻናል ጥልቀት 45 ጫማ መሆን አለበት። የት ቦታ ስንት ጫማ ደለል እንደተኛ እየለኩ ጻፉት። የተጻፈው ዋሽንግተን ደረሰ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን የወጣው ሕግ ለጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች 17.4 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ለሃርቪ ብቻ ሳይሆን ኢርማና ማሪያ ለተባሉት ሃሪኬኖችም ጭምር። አብዛኛው፣ 15 ቢሊዮን የሚሆነው፣ ለጎርፍ መከላከያ ግንባታ ነው። የመርከብ መንገዶችን ደለል ለማውጣትና የተጎዳውን ለመጠገን የተያዘው ከ1 ቢሊዮን ያነሰ ነው።

ዜናው በተሰማ ሳምንት ስልኬ አላረፈም። «ሊቀመንበር፣ ከዚህ ብር ለእኛስ ስንት አለው?» አላችሁኝ። ዛሬ በግልጽ ልመልስ፦ ምንም የለውም። ገንዘቡ የቻናሉ ነው። ይህ ማለት ግን አይጠቅመንም ማለት አይደለም። ቻናሉ ደለል ከያዘ መርከቡ ጭነቱን ቀንሶ ይገባል፤ የእኛም ሎድ አብሮ ይቀንሳል። ደለሉ ሲወጣ እንጀራችን ነው የሚጠረገው። ደግሞም በደህናው ቀን ከሚገባው ዕቃ ላይ ለወደብ ጥገና የሚቆረጥ ግብር አለ፤ 100,000 ዶላር ከሚያወጣ ዕቃ ላይ 125 ዶላር። እኛ የምንጎትተው ኮንቴይነር ራሱ ለቻናሉ ጥገና ያዋጣል።

የእኛ ጉዳትስ? እኛን የለካን ጀልባ የለም፤ ራሳችንን መለካት ነበረብን። አልለካንም።

በራሱ ትራክ ለሚሠራ ሰው የአደጋ ጊዜ የሥራ አጥ ክፍያ ነበረ። ስንቶቻችን አመለከትን? ሴፕቴምበር ላይ አካውንታንት ለምነን አምጥተን፣ አዳራሽ ይዘን ስንጠብቅ የመጡት ሰባት ሰዎች ናቸው። ሰባት! ከሰባቱም ሦስቱ የታክስ ወረቀታቸው ስላልተሟላ ተመለሱ። የቀሩት ግን አገኙ፤ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ጠይቋቸው። የዚያ ማመልከቻ ጊዜ አልፏል።

አንድ በር ግን እስከ ሜይ 25 ክፍት ነው፤ ገቢያቸው ለተጎዳ አነስተኛ ሥራዎች ኤስ.ቢ.ኤ.፣ አነስተኛ ንግዶችን የሚረዳው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የሚሰጠው የአደጋ ብድር። ትራካችሁ ውሃ ባይነካውም ማመልከት ትችላላችሁ። ወለዱ ከ4 በመቶ አይበልጥም፤ መክፈያው እስከ 30 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። ብድር መሆኑን አትርሱ፤ ይመለሳል። ወለድ በሃይማኖታችን አይፈቀድም ያላችሁኝን ወንድሞች አከብራለሁ፤ ለእናንተ የክፉ ቀን መዋጮአችንን ማጠናከር አለብን። ሌሎቻችን ግን ከደላላ በስንት ወለድ እንደምንበደር እያወቅን ይህን በር ዝም ብለን የምናልፈው ለምንድን ነው?

የዛሬውን ወንበር ተመልከቱ። ግማሹ ባዶ ነው። እሁድን የመረጥነው ለሁሉም እንዲመች ነበር። «ስብሰባው ለሻይ ነው» እያላችሁ ቤት የቀራችሁ፣ ሚስቶቻችሁ እዚህ ስላሉ ቃሌ ይደርሳችኋል፤ ትራካችሁ የቆመ ዕለት መጀመሪያ የምትደውሉት ለእኔ ነው። በሌሊትም ደውላችሁልኛል፤ ተነስቼ መጥቻለሁ፤ ወደፊትም እመጣለሁ። ግን እኔ የእናንተን የታክስ ወረቀት ከየት አመጣዋለሁ?

ከሁሉ የሚከብደኝ አንድ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም። ኮንቴይነር የሚጫንበትን ቻሲ መቆለፍ ያስተማረኝ፣ ይህንን ማኅበር አብሮኝ የመሠረተ ወንድሜ ነው። ኖቬምበር ላይ የመዋጮው ገንዘብ ለሁሉም እኩል ይከፋፈል ሲል፣ እኔ ለባሰባቸው ይሁን አልኩ። በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩት። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ አነጋገሬ ግን ትክክል አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማኅበሩን አልረገጠም። የወር ክፍያው ተጠራቅሞበት ትራኩ እንደተወሰደበት የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። አሁን በሰው መኪና ተቀጥሮ ይሠራል። እሱም ማመልከት ይችል ነበር፤ ወረቀቱ ሁሉ ሥርዓት ያለው ሰው ነው።

ጁን 1 የሃሪኬን ወቅት እንደገና ይጀምራል። አካውንታንቱ ከኋላ በኩል ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ እስከ ማታ 12 ሰዓት አይሄዱም። የታክስ ወረቀቱን ያልያዘ ቤቱ ደርሶ ይምጣ።

ወደ ምግቡ ከመሄዳችን በፊት ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ። እያንዳንዳችሁ ለአንድ ያልመጣ አባል ደውሉ፤ ጠረጴዛው ክፍት መሆኑን ንገሩት። አስር ደቂቃ እንውሰድ። እኔም እደውላለሁ።