ድምፁ ሲወርድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ድምፅ ላወራችሁ ነው።

ኦፕሬሽን ክፍል ገብታችሁ ከሆነ ሰምታችሁታል። ጢት… ጢት… ጢት… የሚለውን። ታካሚው ጣት ላይ ከምትሰካው ትንሽ መሣሪያ፣ ከፐልስ ኦክሲሜትር ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው የልብ ምት ብቻ የሚቆጥር ይመስለዋል። ድምፁ ግን ሁለት ነገር ይናገራል። ፍጥነቱ የልብ ምት ነው። ቅጥነቱና ውፍረቱ ደግሞ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑ ሲቀንስ ድምፁም እየወፈረ ይወርዳል። ሰመመን የሚሰጥ ሰው ዓይኑ ጉሮሮ ላይ ሲሆን ታካሚውን የሚጠብቀው በጆሮው ነው። የዚህች መሣሪያ መሠረታዊ ሐሳብ የጃፓናዊው መሐንዲስ የታኩኦ አዮያጊ ነው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ነው ለዓለም ያስተዋወቀው። ስሙን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እኔ ሰመመን ሰጪ ነኝ። የምነግራችሁ ከተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት የሆነ ነገር ነው። ደጋ ላይ ያለች ከተማ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ። አንዲት እናት በቃሬዛ ገባች። ሳትወልድ እንግዴ ልጁ ተላቆባት ደም ይፈሳታል። ግፊቷ ወርዷል። ከወገብ በታች ማደንዘዝ ግፊቷን ጭራሽ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ሙሉ ሰመመን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ይቺን ነገር ሁሉም ሰው ቢያውቃት ደስ ይለኛል። ሰው ከማስተኛታችን በፊት ፊቱ ላይ ማስክ አድርገን ንጹሕ ኦክስጅን እናስተነፍሰዋለን። ሦስት ደቂቃ ያህል። ለምን? የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው። እንደ ወትሮው ትንፋሻችንን አውጥተን ስንጨርስ ሳንባችን ውስጥ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ አየር ይቀራል። ናይትሮጅኑን አስወጥተን ቦታውን በኦክስጅን ከሞላነው፣ ሰውየው መተንፈስ ቢያቆም እንኳ ስንቅ አለው። ያረፈ ሰውነት በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይጠቀማል። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። ስንቅ ሳይዝ የተኛ ሰው ግን አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው ያለው።

ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ማህፀኗ ሳንባዋን ከታች ስለሚገፋው ስንቁ ያንሳል። ለሁለት ስለምትተነፍስ ፍጆታዋ ይበዛል። በዚያ ላይ ደጋ ነው። አዲስ አበባ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። እኛ ከፍታ ላይ የምንሠራ ሰዎች ገና ስንጀምር ወደ ገደሉ ጠጋ ብለን ነው።

ያን ሌሊት ሦስት ደቂቃ አልሰጠኋትም። ሁሉም «ቶሎ! ቶሎ!» ይላል። ደሙን እያየሁ ነው። ምናልባት 40 ሴኮንድ ሰጥቻት ይሆናል። የሚያስተኛውን መድኃኒት፣ ኬታሚን፣ ቀጥሎ ጡንቻ የሚያዝለውን፣ ትንፋሽንም የሚያቆመውን መድኃኒት ሰጠኋት። ከዚያ ጉሮሮ ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ላሪንጎስኮፑን፣ አስገባሁ።

ምንም አይታይም።

ጉሮሮዋ አብጧል። የአየር ቧንቧው አፍ መታየት ካለበት ቦታ ላይ የማየው ሥጋ ብቻ ነው። አወጣሁ፣ ጭንቅላቷን አስተካክዬ እንደገና ገባሁ። ትንሽ ቀዳዳ ያየሁ መሰለኝ። የመተንፈሻውን ቱቦ፣ ቲዩቡን፣ ገፋሁት፤ ሆዷ ውስጥ ገባ። አወጣሁት። አሁንም ልሞክር ስል ከጎኔ ያሉት ሲስተር «ድምፁ ወርዷል» አሉ።

«ቆይ!» አልኳቸው። እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። እርስዎ ማለት እንኳ ጠፋኝ።

በወቅቱ ጆሮዬ አልሰማም ነበር። ይኼን ስላችሁ ለማጋነን አይደለም። ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ለእኔ ግን አልነበረም። በዚያች ሰዓት ለእኔ ዓለም ማለት ያቺ ቀዳዳ ነበረች። ሲስተር ማስኩን በእጃቸው ይዘው ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ድምፁን ስማው።» ያኔ ሰማሁት። የወፈረ፣ የዘገየ ድምፅ። ላሪንጎስኮፑን አስቀመጥኩት።

ማስኩን ያዝኩ። ማስክ መያዝ ቀላል የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ እኔ ግን ከቲዩቡ የሚከብድ ጥበብ ነው እላለሁ። ማስኩን ፊት ላይ መጫን አይደለም። መንጋጋውን አንስተህ ወደ ማስኩ ታመጣዋለህ። ከተጫንከው ምላሷ ወደ ኋላ ይወድቅና መንገዱን ይዘጋዋል። እኔ በሁለት እጄ መንጋጋዋን አነሳሁ፣ ሲስተር አየር የሚገፋውን ከረጢት፣ ባጉን፣ ቀስ እያሉ ጨመቁ። ደረቷ ከፍ አለ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሰባትና ስምንት ስንደርስ ድምፁ መቅጠን ጀመረ። ጣት ላይ ያለው ንባብ ከሳንባው ትንሽ ዘግይቶ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ያ መጠበቅ ግን ያስጨንቃል።

ኦክስጅኗ ከተመለሰ በኋላ በቡጂ፣ በዚያች ቀጭን መሪ ዘንግ፣ ቲዩቡ ገባ። ሕፃኑ ትንሽ ቆይቶ አለቀሰ። እናትየዋ በአምስተኛው ቀን ልጇን ታቅፋ ወጣች።

በማግስቱ ዕቃዎቹን ስፈትሽ ሌላ ነገር አገኘሁ። ኦክስጅኑ የሚያልፍበት የውኃ ጠርሙስ ክዳን በደንብ አልጠበቀም። ኦክስጅኑ በጎን ያፈተልክ ነበር። ያቺ የሰጠኋት 40 ሴኮንድ ራሷ ሙሉ አልነበረችም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ አልጀምርም፤ ቱቦውን አጥፌ እይዝና አረፋው መቆሙን አያለሁ። ካልቆመ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ዋርድ የምትሠሩም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከረጢት ያለው ማስክ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይፈልጋል። 5 ሊትር ብቻ ከሚሰጥ ኮንሰንትሬተር፣ ከአየር ላይ ኦክስጅን ከሚለየው ማሽን፣ ጋር አገናኝታችሁት ከረጢቱ ከተጨማደደ፣ ታካሚው እየታፈነ ነው። በዚያ ማሽን የአፍንጫዋ ቱቦ ትሻላለች። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምረንም፤ ያናድደኛል።

ከዓመታት በኋላ የኢሌን ብሮሚሊን ታሪክ አነበብኩ። እንግሊዝ አገር፣ 2005 እ.ኤ.አ.፤ ቀላል የሳይነስ ኦፕሬሽን ነበር። የአየር መንገዷን መክፈት አልተቻለም። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቲዩብ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ። አንዲት ነርስ አንገት ላይ ቀዶ ቱቦ የማስገቢያውን ዕቃ አመጣች፣ መምጣቱንም ተናገረች። የሰማት የለም። ኢሌን ከቀናት በኋላ አረፈች። ባሏ ማርቲን አብራሪ ነው። በጥላቻ አልተነሳም፤ አብራሪዎች በጭንቅ ሰዓት እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ ለሐኪሞች ማስተማር ጀመረ። ሳነበው ስለዚያች ነርስ ነበር የማስበው። ሲስተርን አስታወሰችኝ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሲስተር ክንዴን ነኩኝ።

አሁን ከማስተኛቴ በፊት የድምፁን መጠን ከፍ አደርጋለሁ። ሙዚቃ ካለ ይጠፋል። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም ሳይቀር፣ «ድምፁ ሲወርድ ጮክ ብላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ ቆይ ብልም አትስሙኝ» እላለሁ። ሦስቱን ደቂቃም «ቶሎ!» ስለተባልኩ ብቻ አላሳጥርም። ሞት አፋፍ ላይ ላለች እናት እንኳ፣ አቅሙ ካላት ስምንት ጊዜ በጥልቀት ታስተነፍሳለህ፤ አንድ ደቂቃ ነው።

ሲስተርን አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «እንዴት ሰሙት?» አልኳቸው። ሥራ ሲጀምሩ ሆስፒታላቸው ውስጥ ኦክሲሜትር አልነበረም። የታካሚውን ከንፈርና ጥፍር እያዩ፣ የጆሮውን ሥር በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር ሌሊቱን የሚያነጉት። መሣሪያዋ የመጣች ቀን ሙሉ ቀን አጠገቧ ቆመው ድምፁን ሲያጠኑ ዋሉ። «ጥቁረቱን ከማየቴ በፊት ነገረችኝ» አሉኝ። «በእጄ ስንት ሰው ሲጠቁር እንዳየሁ አንተ አታውቅም፣ ልጄ።»