ቼክ፦ ከፋርስ ንጉሥ እስከ ባንክ ደብተር

[ምስል፦ የቼዝ ሰሌዳ፣ ንጉሡ በቅርበት]

«ስልክህን ቼክ አድርግ» እንላለን። ባንክ ሄደን ቼክ እንመነዝራለን። ሆቴል ስንገባ ቼክ ኢን፣ ስንወጣ ቼክ አውት። በእንግሊዝኛው ደግሞ ቃሏ ከዚህም በላይ ትሠራለች። መግታትም ናት፣ የራይት ምልክትም ናት፣ አራት ማዕዘን ጥለት ያለው ሸሚዝም ናት። የእነዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ሰው ነው፤ የፋርስ ንጉሥ።

በፋርስኛ ንጉሥ ሻህ ይባላል። ቼዝ ከህንድ ተነስቶ ፋርስ ከገባ በኋላ፣ የተጋጣሚውን ንጉሥ የሚያጠቃ ተጫዋች «ሻህ!» ይል ነበር። ንጉሥህን ጠብቅ ማለቱ ነው። አረቦች በ7ኛው ክፍለ ዘመን ፋርስን ሲይዙ ጨዋታውን ተማሩት፤ በእነሱ በኩልም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ሻህ በድሮው ፈረንሳይኛ አልፎ እንግሊዝ ሲደርስ ቼክ ሆነ። ቼዝ የሚለው ስምም የዚያው የፈረንሳይኛ ቃል ብዙ ቁጥር ነው።

ቼክሜትስ? እሱ «ሻህ ማት» ነው። ብዙ ጊዜ «ንጉሡ ሞተ» ተብሎ ይተረጎማል፤ የአረብኛው ማተ የኛው ሞተ ነውና። በፋርስኛ ግን ማት የሚሆነውን ያጣ፣ መላ የጠፋው ማለት ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው። በቼዝ ንጉሥ አይገደልም፤ መውጫ ሲያጣ ጨዋታው ያልቃል።

ንጉሥህ ቼክ ከተባለ ያሰብከውን ሁሉ ትተህ እሱን ታድናለህ። ከዚህ ነው «መግታት» የሚለው ትርጉም የመጣው። መግታት ወደ መቆጣጠር፣ መቆጣጠር ወደ ማጣራት አደገ።

[ምስል፦ መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ]

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ ከታሪኩ ሁሉ በጣም የምወደው ይህንን ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ግብር የሚተሳሰበው 10 ጫማ ርዝመት፣ 5 ጫማ ስፋት ባለው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጠረጴዛው መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ይለብሳል። አንዱ አምድ የፔኒ ነው፣ ሌላው የሽልንግ፣ ሌላው የፓውንድ። ያኔ የሚጻፈው በሮማ ቁጥር ነው፤ በሮማ ቁጥር ደግሞ መደመርና መቀነስ ፈተና ነው። ስለዚህ ሒሳብ ያዡ ትንንሽ ክብ መቁጠሪያዎችን ከአምድ ወደ አምድ እያንቀሳቀሰ ያሰላል። ግብር ሰብሳቢው ሹም ፊት ለፊት ተቀምጦ ስንት እንዳስገባና ስንት እንደቀረበት በዓይኑ ይከታተላል። ጠረጴዛው የቼዝ ሰሌዳ ስለሚመስል መሥሪያ ቤቱ ራሱ ኤክስቼከር ተባለ። የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ዛሬም ማዕረጉ «ቻንስለር ኦቭ ዘ ኤክስቼከር» ነው። የሸሚዙም ጥለት ስሙን ያገኘው ከዚያው ሰሌዳ ነው።

የባንኩ ቼክ የመጣው ግን ከማጣራት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቼክ የሚባለው ተቀዶ የሚሰጠው ወረቀት አልነበረም። ደብተሩ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ነበር። ወረቀቱ ሐሰተኛ እንዳይሆን ከቀሪው ጋር ያመሳክሩታል። ቆይቶ ስሙ ወደ ወረቀቱ ዞረ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ምግብ ቤት ውስጥ «ቼክ» ስትሉ የሚመጣላችሁ እኛ «ሒሳብ!» ብለን የምንጠራው ነው።

[ምስል፦ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የቁጥር ሰንጠረዥ ያለበት ገጽ]

እኛም ከዚሁ ጨዋታ አንድ ቃል አለን፤ ሰንጠረዥ። ቼዝ በአረብኛ ሻትራንጅ ነው፤ ያም ከሳንስክሪቱ ቻቱራንጋ የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ግቢ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አጀማመሩ ለየት ይል ነበር። መጀመሪያ ወረራ ነው። ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ በተራ መሄድ ይጀመራል። እንዲህ ያለ አጀማመር ያለው ቼዝ ማንም ሊኮራበት የሚገባ ነው።

ዛሬ ግን ሰንጠረዥ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን በመስመርና በአምድ የተከፈለ የቁጥር ገጽ ነው። እንግሊዞች ከሰሌዳው ወደ ግብር ሒሳብ እንደሄዱት፣ እኛም ከሰሌዳው ወደ ሪፖርት ሄደናል። ጨዋታው ራሱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በቤተሰባችሁ ሰንጠረዥ ይጫወቱ የነበሩ ሽማግሌ ካሉ፣ ደንቡን ጠይቃችሁ መዝግቡት።