«ቆይ፣ እሷ ትሞክረው»፦ አዲስ ኬርጊቨሮች መጀመሪያ የሚማሩት

ብሩክ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ኬርጊቨር፣ ማለት ሽማግሌና ሕመምተኛ ቤቱ ድረስ ሄዶ ስለሚንከባከብ ሠራተኛ፣ ስልጠና እናወራለን። ሲያትል አካባቢ ማንኛውም ሀበሻ ቤት ገብታችሁ «ኬርጊቨር የሚሠራ አለ?» ብትሉ መልስ አታጡም። ወይ እናትየዋ ናት፣ ወይ አክስትየዋ፣ ወይ ቀን ኮሌጅ የሚማረው ልጅ። ትዕግስት ደግሞ ለዓመታት ሠርታበታለች። አሁን አዲስ ገቢዎችን ታሰለጥናለች።

ትዕግስት፦ ታግዛለች በል። ዋናዋ አሰልጣኝ ነርስ ናት። እኔ ልምምዱ ላይ ነኝ፣ አልጋውና ዊልቸሩ ጋ።

ብሩክ፦ እሺ። አንዲት ሴት ዛሬ ተቀጠረች እንበል። ነገ ሰው ቤት ትገባለች?

ትዕግስት፦ አትገባም። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ መጀመሪያ 5 ሰዓት አለ። 2ቱ ኦሬንቴሽን፣ ማለት ከሥራው ጋር መተዋወቂያ፣ 3ቱ የደህንነት ትምህርት። እሱ ሳያልቅ ክላየንት ጋ፣ ማለት የምትንከባከበው ሰው ጋ፣ አትደርስም። የኋላ ታሪኳም ይጣራል፣ የጣት አሻራ ትሰጣለች። ከዚያ 70 ሰዓት መሠረታዊ ስልጠና ይቀራታል፣ በድምሩ 75። እሱን ሥራ ጀምራ ጎን ለጎን ነው የምትማረው። በ120 ቀን ውስጥ ትጨርሳለች። ቀጥሎ ፈተና። ሰርተፍኬቱን ደግሞ በተቀጠረች በ200 ቀን ውስጥ ከስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት መያዝ አለባት።

ብሩክ፦ ሁሉም ስቴት እንዲህ ነው?

ትዕግስት፦ ኧረ የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ የቤት ለቤት እንክብካቤ ከፌዴራል መንግሥት የመጣ አንድ ወጥ የሰዓት ግዴታ የለም። እንደየስቴቱ ነው። እዚህ ሕዝቡ ራሱ ነው ድምፅ ሰጥቶ ያመጣው። እ.ኤ.አ. በ2008 አለፈ፣ በበጀት ምክንያት ሲንከባለል ቆየ፣ በ2011 እንደገና ለድምፅ ቀረበና አለፈ። ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ እየተሠራበት ነው።

ብሩክ፦ አሁን የራሴን ልጠይቅ። እማዬ እኔ ጋ ናት። እሷን በክፍያ ልንከባከብ ብል 75 ሰዓት ልቀመጥ ነው?

ትዕግስት፦ አይደለም። ወላጁን ለሚንከባከብ ልጅ ይቀንሳል። ያን 5 ሰዓት ጨምሮ 35 ነው። ሰርተፍኬትም አይጠየቅም። ግን ነገ ሌላ ክላየንት ልያዝ ካልክ አይበቃህም። ለዚህ ነው ብዙ ልጆች «አንዴውኑ 75ቱን ልጨርስና ልገላገል» የሚሉት። እኔም እሱን ነው የምመክረው።

ብሩክ፦ እሺ፣ ክፍሉ ውስጥ እንግባ። ለእኛ ሽማግሌ መጦር ብርቅ አይደለም። አያት አጥበን፣ አብልተን፣ ደግፈን ነው ያደግነው። እና ምኑ ነው የሚከብደን?

ትዕግስት፦ እጃችን አያርፍም። እሱ ነው የሚከብደን።

ብሩክ፦ እንዴት ማለት?

ትዕግስት፦ የአለባበስ ልምምድ አለ። አንዷ ኬርጊቨር ትሆናለች፣ አንዷ ደግሞ ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ የደከመ ክላየንት። ሸሚዝ ነው የምታለብሳት። ደንቡ ቀላል ነው። ስታለብስ ከደከመው እጅ ትጀምራለህ፣ ስታወልቅ ከጠንካራው። ያንን የእኛ ሰው ወዲያው ይይዘዋል። ከዚያ ግን ቁልፎቹን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ትቆልፋለች፣ ኮሌታውን ታስተካክላለች፣ «በቃ፣ አማረብዎት!» ትላለች። ክላየንት የሆነችው ልጅ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ቁጭ ብሏል። ነርሷ እሱን ታያለች። «ይሄ እጅ ምን ሆኖ ነው ሥራ የፈታው?» ትላለች።

ብሩክ፦ ደህናው እጅ!

ትዕግስት፦ ደህናው እጅ። በአንድ እጇ መቆለፍ የምትችል ሰው ትቆልፍ። አምስት ደቂቃ ይፍጅ። አንዱን ቁልፍ ዘላ ትቆልፍ፣ ምን ቸገረን? ዛሬ እኔ ከቆለፍኩላት ነገም እኔው ነኝ። ትንሽ ቆይቶ ያ እጅ መቆለፉን ይተወዋል። ከዚያ ማበጠሪያ መያዙንም ይተወዋል።

ብሩክ፦ ግን ትዕግስት፣ ትልቅ ሰው ሲታገል ቆሞ ማየት ለእኛ ነውር ነው እኮ።

ትዕግስት፦ ነው እንጂ! ልጅየው ከሥራ ሲመለስ እናቱ ካልሲ ለማጥለቅ ጎንበስ ቀና ትላለች፣ ኬርጊቨሯ አጠገቧ ቁጭ ብላለች። «በምን ልትከፈይ ነው?» ነው የሚላት። ለዚህ ነው የእንክብካቤ እቅዱን አንብቡ የምንለው። እያንዳንዱ ክላየንት ኬር ፕላን አለው። ምኑን ራሷ ትሠራለች፣ ምኑን በእገዛ፣ ምኑን ጭራሽ አትችልም፣ ተጽፏል። ቤተሰብ ሲቆጣ አትከራከሪ፣ እሱን አሳዪ። ኬር ፕላኑ ካልተስማማቸው ለኬዝ ማናጀሩ፣ የክላየንቷን ጉዳይ ለሚከታተለው ሰው፣ ይደውሉ።

ብሩክ፦ ጉርሻስ? ጉርሻም ሊቀር ነው?

ትዕግስት፦ (ሳቅ) ጉርሻን ማን ይከለክላል! ግን አስበው። መዋጥ የሚያስቸግራት ሴትዮ ናት። ቀጥ ብላ መቀመጥ አለባት። ትንሽ ትንሽ ነው የምትበላው፣ አንዱን ውጣ ሳትጨርስ ሌላ አይሰጣትም፣ በልታም ለግማሽ ሰዓት ያህል አትተኛም። አንተ ደግሞ አልጋ ላይ ጋደም እንዳለች ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልለህ፣ በዚያ ላይ «አንድ ያጣላል» ብለህ ልትደግማት ነው። ወደ ሳንባ ይገባል። ከዚያ ሆስፒታል ነው።

ብሩክ፦ ማንሳት መደገፉስ? እኔ እማዬን በብብቷ ይዤ ነው ብድግ የማደርጋት።

ትዕግስት፦ ወንዶቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ትከሻዋን ታወልቅባታለህ፣ አንተም ወገብህን ትሰጣለህ። ወገቧ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ አለ፣ ጌይት ቤልት። የምትይዘው እሱን ነው። ከዚያ በፊት የዊልቸሩ ፍሬን መያዙን ታያለህ፣ ጫማዋን ታያለህ። በካልሲ ሰው አናቆምም። ከዚያ ትነግራታለህ፦ «ሦስት ስል አብረን እንነሳለን»። እሷም ትገፋለች። ድንገት ከወደቀች ደግሞ አየር ላይ ልቅለባት አትበል። ወደ ራስህ አስጠግተህ ቀስ ብለህ ወደ መሬት ታወርዳታለህ። ወድቃ ካገኘሃት ደግሞ ጎትተህ ለማንሳት አትቸኩል። የት እንደሚያማት ጠይቅ። ጭንቅላቷን ከመታት ወይ መንቀሳቀስ ካቃታት ለድንገተኛ እርዳታ 911 ትደውላለህ።

ብሩክ፦ ይሄን እንኳን ዛሬውኑ ነው የማስተካክለው። መድኃኒት ላይስ?

ትዕግስት፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ኬርጊቨር ታስታውሳለች፣ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ውሃ ታቀብላለች፣ ክኒኑን እጇ ላይ ታደርግላታለች። ክላየንቷ ግን መድኃኒት እየወሰደች መሆኗን ማወቅ አለባት። የሳምንቱን የክኒን ሳጥን ኬርጊቨሯ አትሞላም። መጠን አትወስንም። «ስኳሯ ዛሬ ከፍ ብሏልና ግማሽ ልጨምርላት» የሚባል ነገር የለም። ኢንሱሊን መውጋትማ ነርስ በደንቡ መሠረት ኃላፊነት ወስዳ፣ አሰልጥና ስትወክላት ብቻ ነው። ለእሱም ራሱን የቻለ ስልጠና አለው። እና ደግሞ አልወስድም ካለች በሙዝ ውስጥ ደብቆ መስጠት የለም።

ብሩክ፦ እናቶቻችን ግን ያደርጉታል።

ትዕግስት፦ ለልጅ አድርገውት ይሆናል። እሷ ልጅ አይደለችም። አልወስድም የማለት መብት አላት። ገላዬን አልታጠብም የማለትም መብት አላት። አንተ ምክንያቱን ትጠይቃለህ፣ ትንሽ ቆይተህ ትሞክራለህ፣ እምቢ ካለች ትመዘግባለህ፣ ታሳውቃለህ። ጾም ላይ ደግሞ ይብሳል። ስኳር ያለባት እናት ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም ብትል «ኃጢአቱ በእኔ» ብለህ አታስገድዳትም። ግን ዝም አትልም፣ ለነርሷ ወይ ለኬዝ ማናጀሯ ታሳውቃለህ።

ብሩክ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትባይ ምኑን ትመርጫለሽ?

ትዕግስት፦ ቆዳ። ከአልጋ የማይነሳ ሰው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ይገለበጣል። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች ያለው አጥንት፣ ክርን፣ በየቀኑ ይታያል። መማሪያው «መቅላቱን እዩ» ይላል። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ትዳስሳለህ። ከዙሪያው ይሞቃል? ጠጠር ብሏል? ቀለሙ ጠቆር ብሏል? ያማታል? የእኛ ልጆች የሚይዙት አብዛኛው የእኛው ሰው ነው፣ ወይ ሶማሌ፣ ወይ ጥቁር አሜሪካዊ። ለእኔ ይሄ በትልቁ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። ማሸት ደግሞ የለም! ቦታው ካበጠ ወይ ከጠቆረ ቫዝሊን ይዘው ማሸት ይጀምራሉ። እሱ ያባብሰዋል።

ብሩክ፦ ስለ ሪፖርት ብዙ ሰው ይፈራል። «እኔ የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ ምን አገባኝ» ይላሉ።

ትዕግስት፦ ያገባታል፣ በሕግ። ኬርጊቨር ጥቃት ወይ ቸልተኝነት ከጠረጠረች የማሳወቅ ግዴታ አለባት። ማረጋገጥ አይጠበቅባትም፣ መጠርጠር ይበቃል። ድብደባ ብቻም አይደለም። ልጅየው የእናቱን የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ እየወሰደ ፍሪጁ ባዶ ከሆነ እሱም ጥቃት ነው። የስቴቱ ስልክ 1-866-363-4276 ነው። አለቃዬ ይደውላል ብላ መተው አይቻልም። ራሷ ናት የምትደውለው።

ብሩክ፦ በሰፈር ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል።

ትዕግስት፦ እሱ ነው ችግሩ! በአንድ በኩል ማሳወቅ ያለባትን ትደብቃለች፣ በሌላ በኩል መደበቅ ያለባትን ታወራለች። ሰኞ እትዬ እገሌ ቤት ያየችው ዳይፐር እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወሬ ይሆናል። የሰው ገመና ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ይሄን ሳወራ ፊቴ ይቆጣል ይሉኛል። ይቆጣ።

ብሩክ፦ ስልጠናው የጎደለው ነገርስ?

ትዕግስት፦ ሞት። ድሮ የሠራሁበት ኤጀንሲ፣ ስሙን አልጠራም፣ ክላየንቴ ስታርፍ በቴክስት ነበር የነገረኝ። «የነገው ሺፍት ተሰርዟል።» ሌላ ምንም የለም። ለምን ብዬ ስደውል ነው የሰማሁት። ስንት ጊዜ ያጠብኳት ሰው! ለቅሶ ልሂድ አልሂድ እንኳን የሚነግረኝ አልነበረም። ስለ ኬርጊቨር ሐዘን ሰፋ ያለ ጊዜ ይሰጥ ባይ ነኝ። አሁን እኔ ባለሁበት ክፍል ለቅሶ መድረስ ነውር እንዳልሆነ እንነግራቸዋለን። ቤተሰቡን አስፈቅደሽ ሂጂ፣ የበሽታዋን ነገር ግን እዚያ አታውሪ።

ብሩክ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ወደ ፈተናው እንሂድ፣ ሰው የሚጠይቀን እሱን ነው።

ትዕግስት፦ ሁለት ክፍል አለው፣ የጽሑፍና የተግባር። አማርኛ ከሚፈተንባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስትመዘገቡ ምረጡት፣ ጀግና ለመባል በእንግሊዝኛ አትውደቁ። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ጊዜያዊ ሰርተፍኬት የሚባልም አለ፣ በ200 ቀኑ ላይ 60 ቀን ይጨምርለታል። ተግባሩ ላይ እጅ መታጠብ አይቀርም። ቢያንስ 20 ሰከንድ ታሻለህ፣ በጣቶችህ መሃልም፣ ከዚያ ቧንቧውን በባዶ እጅህ አትዘጋም፣ በወረቀቱ ነው። ብዙ ሰው ጥሩ አድርጎ ታጥቦ መጨረሻ ላይ በንጹሕ እጁ ቧንቧውን ይዞ ይዘጋል። አለቀ። ከዚያ ደግሞ ፈታኟ የምታየው ሥራውን ብቻ አይደለም። አንኳኳህ ወይ? የምትሠራውን ነገርካት ወይ? «ሰማያዊው ይሁን ነጩ?» ብለህ አስመረጥካት ወይ? ስትጨርስ ተመችቷታል ወይ ብለህ ጠየቅክ ወይ? ዝም ብሎ ቀልጠፍ ያለ ሰው ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ብሩክ፦ ከዚያ በኋላ በቃ?

ትዕግስት፦ በየዓመቱ 12 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት አለ። እሱ ቀላል ነው። ከባዱ ምን መሰለህ? ስም።

ብሩክ፦ የምን ስም?

ትዕግስት፦ ፈተና ላይ መታወቂያህ ላይ ያለው ስምና ማመልከቻው ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። የእኛን ሰው ታውቀዋለህ። ወልደ ጊዮርጊስ ግሪን ካርዱ ላይ ተጣብቆ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ተለያይቶ። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ አንዱ ላይ የለም። 75 ሰዓት ተምራ፣ ሥራ ቀርታ፣ ልጆቿን ለጎረቤት አስይዛ ሄዳ በር ላይ የተመለሰች ልጅ አውቃለሁ። ሌላ ቀጠሮ እስክታገኝ 200 ቀኑ ሊያልቅባት ነበር።

ብሩክ፦ ኧረ የእኔም መንጃ ፈቃድ ላይ የአባቴ ስም አንድ ፊደል ይጎድለዋል።

ትዕግስት፦ እንግዲያው መጀመሪያ ሂድና እሱን አስተካክል። ማመልከቻውን ከዚያ በኋላ ትሞላለህ።