መልኮን ማን ይደግፈው?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ሆኜ ስለ አንድ የመንግሥት የምርምር ማዕከል ላወራችሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

የኢትዮጵያን ቡና እየገዙ የሚቆሉ የውጭ አገር ድርጅቶች በከረጢቱ ላይ ከወረዳው ስም ጎን 74110፣ 74112 ወይም 74158 የሚሉ ቁጥሮችን ያትማሉ። ብዙ ጠጪ የመጋዘን መለያ መስሎት ያልፈዋል። ቁጥሮቹ ግን የዝርያ መጠሪያዎች ናቸው፤ መነሻቸው ላይ ያለው 74 እናት ዛፎቹ የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታል፤ የወጡትም ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ከሚገኘው፣ ሰው ሁሉ መልኮ ብሎ ከሚጠራው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎቹ ሲቢዲ የሚሉት፣ አገራችን መግባቱ ሲታወቅ ነው። በ1922 ኬንያ ውስጥ የታወቀው ይህ በሽታ መንስኤው ፈንገስ ሲሆን፣ ገና በማደግ ላይ ያለውን አረንጓዴ ፍሬ ይይዝና ጠቆር ያለ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነጥብ ያወጣበታል፤ ነጥቡ እየሰፋ ሲሄድ ፍሬው ጠቁሮ ይረግፋል፣ አለዚያም ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ዛፉ አይሞትም፣ ቅጠሉም ለምለም ነው፤ ገበሬው ግን የሚለቅመው የለም። ኬንያ ውስጥ ትልልቆቹ እርሻዎች በየወቅቱ ደጋግመው መድኃኒት እየረጩ ተቋቁመውታል፤ ቡናውን በጓሮውና በጫካ ጥላ ሥር ለሚያለማው የኢሉባቦርና የጅማ ገበሬ ግን ርጭቱ በዋጋውም በአሠራሩም የሚታሰብ አልነበረም።

ተመራማሪዎቹ የመረጡት መንገድ እጅግ ቀላል ይመስላል፦ በሽታው ክፉኛ የመታው ማሳ ውስጥ እየገቡ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ጠቁረው እሱ ብቻ ፍሬውን እንደያዘ የቆመውን ዛፍ መፈለግ። በመቱና በጌራ አካባቢ የተገኙት እንዲህ ያሉ ዛፎች ምልክት ተደርጎባቸው ዘራቸው ተለቀመ፤ ከዚያም አረንጓዴ ፍሬውና ችግኙ ሆን ተብሎ በፈንገሱ እየተበከለ ተፈተነ፤ ፈተናውን ያለፈው ተተክሎ፣ አድጎ፣ ምርቱ ተመዝኖ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለገበሬው ተሠራጨ። በእነዚሁ ዓመታት መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደዋል፣ የመሬት ሥሪቱም ከሥሩ ተለውጧል። ቡና ተተክሎ ለመጀመሪያ ፍሬው ብቻ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋልና፣ ያ ሁሉ ሲሆን ችግኙን የሚኮተኩትና መዝገቡን የሚይዝ ሰው ሥራውን አላቋረጠም ማለት ነው። እኔን ከግኝቱም በላይ የሚደንቀኝ ይህ አለመቋረጡ ነው።

ስለ ምርምር ድጋፍ ሲነሳ ብዙዎቻችን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቤተ ሙከራና መሣሪያ ነው። የመልኮ ትልቁ ሀብት ግን ሜዳ ላይ የቆመ ነው። የስንዴና የጤፍ ዘር ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል፤ የቡና ዘር ግን በዚህ መንገድ አይቆይም። ስለዚህ ከየጫካውና ከየጓሮው የተሰበሰበው ዓይነት በመልኮም ሆነ በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የጮጬ ማሳ ላይ በሕይወት ያለ ዛፍ ሆኖ ነው የሚጠበቀው፤ ቁጥሩም በሺዎች ነው። ይህ ማሳ መታረም አለበት፤ የጥላው ዛፍ መመልመል፣ ያረጀው ግንድ መጎንደል፣ የሞተው መተካት አለበት፤ ዘበኛም ይፈልጋል። በጀት ሲጠብ ደግሞ፣ ማንም ስለማይጮህለት፣ ለመቀነስ የሚቀለው የአራሚና የዘበኛ ክፍያ ነው።

የውጭ ለጋሾች ሥልጠናና መሣሪያ ሰጥተዋል፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን ፕሮጀክት በጥቂት ዓመታት የሚዘጋ ነገር ነው፤ ለሠላሳ ዓመት የአረም ገንዘብ የሚመድብ ለጋሽ አላየሁም። ሥራው ደግሞ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። የደቡብ ምዕራቡ ዝርያ ይርጋጨፌ ላይ ቢበዛ የአካባቢው ጣዕም ይደበዝዛል በሚል ሥጋት፣ በይርጋለም አጠገብ በሚገኘው የአዋዳ ንዑስ ማዕከል ከአካባቢው ቡና ውስጥ መምረጥ አስፈልጓል፤ ዛፉን ጨርሶ የሚያደርቀው የጠውልግ በሽታም ሌላ ራስ ምታት ነው።

ታዲያ ድጋፉ ከየት ይምጣ? ኮሎምቢያ በ1938 የተቋቋመ ሴኒካፌ የሚባል የቡና ምርምር ማዕከል አላት፤ ወጪው በአብዛኛው የሚሸፈነው ወደ ውጭ ከሚላከው ቡና ላይ በሕግ ከሚሰበሰብ መዋጮ ነው። ይህን አሠራር እንዳለ እንቅዳ አልልም። የእኛ ላኪ መዋጮ ተጨመረብህ ቢባል ከሚገዛበት ዋጋ ላይ ይቀንስና ሸክሙ ዞሮ ዞሮ ገበሬው ላይ ያርፋል። እኔ የምመርጠው፣ መንግሥት ከቡና ንግድ አሁንም ከሚያገኘው ገቢ ላይ ጥቂት ከመቶ በአዋጅ ለምርምር እንዲለይ፣ ሒሳቡ በየዓመቱ በይፋ እንዲወጣና የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቦርዱ ወንበር እንዲኖራቸው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በጀቱም ምክር ቤት የሚቀርበው ከዚያ በፊት ነው። ከቡና ወረዳ የተመረጠ እንደራሴ ያላችሁ አድማጮች፣ ከሰኔ በፊት ስለ መልኮ ማሳ ጠይቁልኝ።