የጀጎል ግድግዳና የኔ ዋይፋይ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ኬብል ነው።

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው። የድሮ ቤት ጓዳ ተከራይቼ። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን፣ ራውተሩ፣ ትልቁ ክፍል፣ አከራዬ ጋ ነው፤ አብረን ነው የምንጠቀመው። በመሃላችን ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ግን በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው።

አንድ ማታ እህቴ በቪዲዮ ደወለችልኝ። እናታችን ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር። "ሐኪሙ ምን አለ መሰለህ..." ስትል ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ስልኩን ይዤ በባዶ እግሬ ወደ ግቢ ሮጥኩ። እናቴ ደህና ነበረች። እኔ ግን ያቺን ደቂቃ አልረሳትም።

እስከዚያ ቀን ጥፋቱን ሁሉ በኢንተርኔቱ ነበር የማላክከው። በማግስቱ ላፕቶፔን ራውተሩ አጠገብ አድርጌ ፍጥነቱን ለካሁት። ፈጣን ነው! ጓዳ ገብቼ ስለካው ወረደ። ለካ ችግሩ መስመሩ ሳይሆን ግድግዳው ነው። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ዋይፋይ ፈጣን ቢሆንም ወፍራም ግድግዳ ያደክመዋል። ሌላው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው፣ ትንሽ ይሻላል፤ እሱን ደግሞ የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ ይሻማዋል።

ኬብል ግን ግድግዳ አያውቅም። ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ኬብል፣ ደህና ከሆነ፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት በሰከንድ ያደርሳል። እኔ የሚያስፈልገኝ 20 ሜትር ነው። ስትገዙ ውስጡ ንጹሕ መዳብ መሆኑን ጠይቁ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም አለ፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሰበራል።

አከራዬን ላስፈቅድ ገባሁ። "አዴ፣ ኬብል ላሳልፍ ነበር።" "ግድግዳው ግን አይበሳም ልጄ፤ የአያቶቼ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ ቤት በድሪል አይነካም። በበሩ መቃን ላይ አድርጌ፣ ከጣሪያው እንጨት ሥር አሳለፍኩት። በመንገዱ የተሰቀሉትን ስፌቶች ራሳቸው አንድ በአንድ አውርደው፣ ስጨርስ መልሰው ሰቀሏቸው።

አሁን ላፕቶፔ በኬብል ነው። ከቦታው የማይነሳ ነገር ሁሉ በኬብል ቢሆን እላለሁ፤ ቴሌቪዥንም ጭምር። ዋይፋይ ላይ ያለው ሁሉ በየተራ ነው የሚያወራው። አንዱ ከሰልፉ ሲወጣ ለሌላው ይቀለዋል።

ትናንት ማታ አዴ ነደባው ላይ፣ ማለትም ትልቁ ክፍል ባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ተቀምጠው ከልጅ ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ሳይቆራረጥ፣ እስኪሰነባበቱ ድረስ።